ጽሑፉ በዝቶ ገጹ ሲጠብ

ከአንባቢያን ጥያቄ፣ ከዝግጅት ክፍሉ መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ የትምህርት ቤት መጽሔት አዘጋጆች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችና በጽሕፈት አገልግሎት ቤት የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። የሁሉም ችግር ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ጽሑፉ የተሰጠው ቦታ ውስጥ አልገባም። አብዛኞቹ ኢንዲዛይን የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ስለሚጠቀሙ ትእዛዞቹን የጻፍነው በዚያ ነው። የማይክሮሶፍትን ፐብሊሸር የሚጠቀሙም አልተረሱም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። እኛ በደብረ ብርሃን የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጽሔት አዘጋጆች ነን። ፎቶ ጭምር ያለበት አንድ ገጽ የመደብንለት ጽሑፍ 500 ቃል ሆኖ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ስናስገባው ከታች በስተቀኝ ቀይ የመደመር ምልክት ይወጣል። ፊደሉን ከ10 ወደ 9 ብናወርደውም ምልክቱ አልጠፋም። ወደ 8 እናውርደው?

መልስ፦ ወደ 8 አታውርዱት፤ 9 ያደረጋችሁትንም ወደ 10 መልሱት። ቀይዋ ምልክት የምትናገረው ሳጥኑ ሞልቶ ጽሑፍ እንደተረፈ ብቻ ነው። የተረፈው ግማሽ መስመር ይሁን ግማሽ ገጽ አትለይም። ስለዚህ መጀመሪያ ልኩን እወቁ። ጠቋሚውን ጽሑፉ ውስጥ አስቀምጡና ኤፍ 8ን ተጫኑ፤ የኢንፎ ፓነል የፊደሉን፣ የቃሉን፣ የመስመሩንና የአንቀጹን ብዛት ያሳያል። ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ያልገባው ነው። ኮንትሮልና ዋይን ብትጫኑ ደግሞ ስቶሪ ኤዲተር ይከፈታል፤ የተረፈው ክፍል በቀይ ምልክት ተለይቶ ስለሚታይ እዚያው እያነበባችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ገጹ ስንት እንደሚይዝ አስሉ። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ 20፣ ከታች 25፣ ከግራና ከቀኝ 20 20 ኅዳግ ብትተዉ ለጽሑፍ የሚቀረው 170 በ252 ነው። ለሁለት ዓምድ ከፍላችሁ በመካከል 5 ሚሊ ሜትር ስትተዉ የአንዱ ዓምድ ወርድ 82.5 ይሆናል። የፊደልና የመስመር ርቀት መለኪያ የሆነው አንድ ፖይንት 0.3528 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ252 ሚሊ ሜትር ቁመት 714 ፖይንት ነው። ፊደሉ 10፣ የመስመር ርቀቱ 14 ሲሆን 714 ለ14 ሲካፈል 51 መስመር ይወጣል፤ በሁለቱ ዓምድ 102።

በአንድ መስመር ስንት ፊደል እንደሚገባ ፎንቱ ይወስነዋል። ካለፈው እትማችሁ ዳር እስከ ዳር የሞሉ አሥር መስመሮችን ምረጡና ባዶ ቦታውን ጨምራችሁ ቆጥራችሁ ለአሥር አካፍሉ። 38 መጣ እንበል። ርዕሱ በሁለት መስመር ተጽፎ ከሥሩ ካለው ክፍተት ጋር 84 ፖይንት ይወስዳል፤ ይህ በየዓምዱ 6 መስመር ነው። በገጹ ሙሉ ወርድ የሚቀመጠው ፎቶ ከመግለጫውና ከክፍተቱ ጋር 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከየዓምዱ 17 መስመር ይበላል። ከ102 ላይ 12 እና 34 ስትቀንሱ 56 ይቀራል። ስምንት አንቀጽ ካለ የየአንቀጹ የመጨረሻ መስመር በአማካይ ግማሹ ባዶ ስለሚሆን አራት መስመር ተጨማሪ ይጠፋል። በ52 መስመር 1976 ፊደል ይገባል። አንድ ቃል ከባዶ ቦታው ጋር 5.5 ቢወስድ ይህ 360 ቃል ገደማ ነው። ለጸሐፊው ከመጀመሪያው መነገር የነበረበት ቁጥር ይኸው ነበር፤ «አንድ ገጽ ጻፍ» መባል ለማንም ምንም አይናገርም።

የእናንተ 500 ቃል 2750 ፊደል ነው። 73 መስመር ይፈልጋል፤ የአንቀጽ መጨረሻዎቹን ጨምሩና 77 በሉት። ትርፉ 21 መስመር ነው። ፊደሉን 9፣ ርቀቱን 12.6 ስታደርጉ በዚሁ ገጽ 2520 ፊደል ይገባል፤ አሁንም ወደ 6 መስመር ይተርፋል። ምልክቷ ያልጠፋችው ለዚህ ነው። በ8 ይገባል፤ ችግሩ ሌላ ነው። የእኛ ፊደል ቤቱን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። ቡ እና ቢ፣ ጹ እና ጺ በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው የሚለያዩት። በፎቶ ኮፒ ወይም በሳሳ ወረቀት ላይ በ8 ሲታተም ያቺ ጭረት ትሞላለች ወይም ትጠፋለች።

21 መስመሩን ከየት እናምጣ? ከፎቶው እንጀምር። 80 ሚሊ ሜትር 16.2 መስመር ነው፤ ለዚያች 0.2 ስትሉ በየዓምዱ አንድ ሙሉ መስመር እየከፈላችሁ ነው። ፎቶውን አንድ ሚሊ ሜትር ከርክማችሁ 79 አድርጉት፤ 16 መስመር ልክ ይሆንና ሁለት መስመር ታተርፋላችሁ። ፎቶ ሁልጊዜ በመስመር ርቀቱ ብዜት ይከርከም። ርዕሱን ወደ አንድ መስመር አሳጥሩት፤ በየዓምዱ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት መስመር ይገኛል። አራት አንቀጾች መጨረሻቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ተንጠልጥሎ ይሆናል፤ እነሱን ወደ ላይ ብትሰበስቡ ሌላ አራት። የቀረው 11 መስመር ነው፤ 418 ፊደል፣ ማለትም 76 ቃል ገደማ። ይህንን የሚያመጣው መቀስ እንጂ ሶፍትዌር አይደለም።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መጽሔት አዘጋጅ ነኝ። ስለ ጓሳ የተጻፈ ጽሑፍ 9 መስመር ተርፎብኛል። ጸሐፊው መምህሬ ስለሆኑ ሐሳባቸውን መንካት እፈራለሁ። ምን ቢቆረጥ አይታወቅም?

መልስ፦ ሐሳቡን ሳትነኪ ብዙ መቁረጥ ይቻላል። አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ሲሆን ያብጣል፤ እብጠቱ ሲወጣ ጸሐፊውም አይከፋቸውም። ይህን ዓረፍተ ነገር እዪው፦

«በደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሚገኙ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመማር ላይ የሚገኙ ተማሪዎች በአሁኑ ሰዓት የመጻሕፍት እጥረት ችግር እንዳጋጠማቸው ገልጸዋል።»

20 ቃል፣ ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 102 ፊደል ነው። አሁን ይህን፦

«የደብረ ብርሃን ከተማ ተማሪዎች የመጻሕፍት እጥረት እንዳለባቸው ገልጸዋል።»

8 ቃል፣ 46 ፊደል። ተማሪ የሚማረው ትምህርት ቤት ውስጥ መሆኑ ይታወቃል። እጥረት ራሱ ችግር ነው። «ገልጸዋል» ካለ «በአሁኑ ሰዓት» አያስፈልግም። ከእነዚህ ሌላ «በማድረግ ላይ ይገኛል»ን «እያደረገ ነው»፣ «ጉዳዩን በሚመለከት»ን «ስለ ጉዳዩ»፣ «ጥናት አካሂደዋል»ን «አጥንተዋል» በያቸው። «እንደሚታወቀው» እና «ከዚህ ጋር ተያይዞ» ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊወጡ ይችላሉ። «የተለያዩ»ን በፈላጊው ትእዛዝ አስፈልጊና አንድ በአንድ ተመልከቻቸው፤ ከአሥሩ ሁለቱ እንኳ ሥራ ላይኖራቸው ይችላል።

ነገር ግን የምትቆጥሪው መስመር እንጂ ፊደል እንዳልሆነ አትርሺ። ከአንቀጽ መሀል 20 ፊደል ቆርጠሽ የመስመሩ ብዛት ላይለወጥ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ 4 ፊደል ቆርጠሽ አንድ መስመር ታገኛለሽ። ልዩነቱ የአንቀጹ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ገጹን ከላይ እስከ ታች ስታዪ የየአንቀጹን ጅራት ብቻ ተመልከቺ። ጅራቱ ላይ «ነው።» ወይም «ተብሏል።» ብቻውን ከቀረ እዚያ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል አውጪ፤ መስመሩ ይሰበሰባል። ጅራቱ ሦስት አራተኛ ከሞላ እሱን ተዪው፤ ለአንድ መስመር ብለሽ ስድስት ቃል ማጥፋት ኪሳራ ነው።

የጅራቱ ቃል አጭር ከሆነና ምንም መቁረጥ ካልፈለግሽ ትራኪንግን፣ ማለትም በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት፣ በ10 መቀነስ ይረዳል። በ10 ፖይንት ፊደል እያንዳንዱ ፊደል 0.1 ፖይንት ይጠጋል፤ 38 ፊደል ባለው መስመር 3.8 ፖይንት፣ ስምንት መስመር ባለው አንቀጽ 30 ፖይንት ገደማ ይሆናል። ይህ የአምስት ፊደል ያህል ቦታ ነው። «ነው።» ይገባበታል፣ «ተብሏል።» አጠራጣሪ ነው፣ «እንደሚያስፈልጋቸው» ግን ፈጽሞ አይገባም። አንቀጹን ሙሉውን ምረጪና ኦልትን ይዘሽ የግራ ቀስቱን ተጫኚ። ሶፍትዌሩ እንደመጣ አንዱ ጭነት የሚቀንሰው በ20 ስለሆነ ከዚያ በፊት ከፕረፈረንስስ ዩኒትስ ኤንድ ኢንክረመንትስ ገብተሽ 5 አድርጊው። ከ15 በላይ ከቀነስሽ አንቀጹ ከጎረቤቶቹ ጠቁሮ ይታያል። ሁለት መስመር ብቻ መርጦ ማጥበቅም አያምርም፤ አንቀጹ በሙሉ ይሁን።

የፎቶ መግለጫዎችሽን ደግሞ ተመልከቺ። «በጓሳ የሚገኙ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሣር ላይ ተቀምጠው ሲመገቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ» ሁለት መስመር ነው። መቀመጣቸውንና መመገባቸውን አንባቢው ያያል፤ ፎቶ መሆኑንም ያውቃል። «ጭላዳዎች በጓሳ» ይበቃል። ከዚህ የተረፈውን መስመር ፎቶው የማይናገረውን ለመንገር ብትጠቀሚበት ይሻላል፤ ለምሳሌ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚያገለግል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሸዋ ሮቢት በሚገኝ ጽሕፈት ቤት ነው። ባለሦስት ዓምድ መጽሔት ስንሠራ በቃላት መካከል ሰፋፊ ነጭ ክፍተት ይፈጠራል። አንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ ዳርና ዳር ቆሞ ይታያል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዓምዱ ጠቧል። 170 ሚሊ ሜትር ለሦስት ሲከፈል፣ ክፍተቶቹ ወጥተው፣ አንዱ ዓምድ 53 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። በ10 ፖይንት 24 ፊደል ገደማ ይይዛል፤ አራት ወይም አምስት ቃል። የአማርኛ ግስ ፊቱም ኋላውም ረጅም ነው። «እንደሚያስፈልጋቸው» ብቻውን 11 ፊደል ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ አልገባ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ የተወው ቦታ ለቀሩት ሁለትና ሦስት ክፍተቶች ይከፋፈላል። እንግሊዝኛ ቢሆን ፕሮግራሙ ቃሉን ራሱ በሰረዝ ይከፍለው ነበር፤ ለአማርኛ ግን ያን የሚያደርግ መዝገበ ቃላት አብሮት አይመጣም።

ዋናው መድኃኒት ኤ4 ላይ አማርኛን በሁለት ዓምድ መሥራት ነው። ሦስት ዓምድ የግድ ከሆነ ሁለቱንም ዳር ማስተካከሉን ተዉትና ጽሑፉን ከግራ ብቻ አስጀምሩት፤ የቀኙ ዳር ቢዥጎረጎርም ክፍተቱ እኩል ይሆናል፣ ለማንበብም ይቀላል። ብዙ ሰው ይህን ያልተጠናቀቀ ሥራ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን በጠባብ ዓምድ ላይ ከማንኛውም ማስተካከያ እናስበልጠዋለን።

ሁለቱም ዳር እኩል ይሁን ከተባለ የአንቀጹ ቅርጽ ከሚወሰንበት ከፓራግራፍ ስታይሉ ውስጥ ጀስቲፊኬሽን የሚለውን ክፈቱ። የቃል ክፍተቱ (ትንሹ፣ ተፈላጊውና ትልቁ በመቶኛ) እንደመጣ 80፣ 100 እና 133 ነው፤ 75፣ 95 እና 125 አድርጉት። የፊደል ክፍተቱን ከዜሮ ወደ ‐1፣ 0 እና 2፣ የፊደል ስፋቱን 98፣ 100 እና 102 አድርጉ። ሁለት በመቶ በዓይን አይታይም፤ ፕሮግራሙ ግን በቃላት መካከል ያጣውን መንቀሳቀሻ ያገኛል። ከፕረፈረንስስ ኮምፖዚሽን ውስጥ ኤች ኤንድ ጄ ቫዮሌሽንስ የሚለውን ስታበሩ ከልክ ያለፉት መስመሮች በቢጫ ይቀባሉ፤ ቢጫው በደመቀ ቁጥር ችግሩ የባሰ ነው። እነሱን ብቻ እየለቀማችሁ ቃል ለውጡ።

ቃል መክፈል ካስፈለገ ሰረዙን ዝም ብላችሁ አትጻፉት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሰረዝን አንድ ላይ ስትጫኑ የሚገባው ሰረዝ ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ሲውል ብቻ የሚታይ ነው። በእጅ የተጻፈው ሰረዝ ግን ጽሑፉ ሲንቀሳቀስ «እንደሚያስ-ፈልጋቸው» ሆኖ መስመር መሀል ይቀራል። የብራና ጸሐፊ ቃላቱን በሁለት ነጥብ ስለሚለይ ቃሉን የትም ቢከፍለው አንባቢ አይሳሳትም፤ እኛ ባዶ ቦታ ስለምንጠቀም ያለ ሰረዝ ከከፈልን ሁለት ቃል ይመስላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፓራግራፍ ኮምፖዘር ከበራ ፕሮግራሙ አንቀጹን በሙሉ አንድ ላይ ስለሚያመዛዝን ከታች አንድ ቃል ስትለውጡ ከላይ ያሉት መስመሮችም ይቀያየራሉ። ብልሽት አይደለም። እርማቱን ከላይ ወደ ታች ሥሩ፤ ሲጨርሱ ተመልሶ ማየት ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ዓለም ከተማ የጽሕፈት አገልግሎት አለኝ። ደንበኞች በዎርድ ጽፈው በፍላሽ ያመጡልኛል። ወደ ኢንዲዛይን ስገለብጠው አንዳንዱ ከጠበቅኩት በላይ ቦታ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል።

መልስ፦ የሁለተኛው ምክንያት ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ኮድ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች መጻፉ ነው። በእነሱ ከጀርባ ያለው ኮድ የላቲን ፊደል ስለሆነ ፎንቱን እንደ ኒያላ ወዳለ የዩኒኮድ ፎንት ቢቀይሩት አይስተካከልም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ይለውጡት። ከዚያ በፊት ቦታውን አያስሉ፤ በአሮጌው አጻጻፍ አንዳንዱ ፊደል በሁለት ኮድ ስለሚሠራ የቁጥሩ ድምር የተጋነነ ነው። ከተለወጠ በኋላ ኋ፣ ሟ፣ ቷ የመሳሰሉትንና ሥርዓተ ነጥቡን ይፈትሹ።

የመጀመሪያው ችግር ቆሻሻ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው አራት ነጥብን «።» ሳይሆን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ «፡፡» አድርጎ ይጽፋል። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ግን የሁለት ምልክት ቦታ ይይዛል፣ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ሊከፈልም ይችላል። ኮንትሮልና ኤፍን ይጫኑና «፡፡»ን ፈልገው በ«።» በሙሉ ይተኩ። ከነጥብ በፊት የገባውን ባዶ ቦታም እንዲሁ ያጥፉት፤ አለበለዚያ አራት ነጥቡ ብቻውን መስመር ጀምሮ ያገኙታል። ድርብ ባዶ ቦታን ለማጥፋት በዚያው መስኮት ከተዘጋጁት ፍለጋዎች መልቲፕል ስፔስ ቱ ሲንግል ስፔስ የሚለውን ይምረጡ፤ ለድርብ ኢንተርም ተመሳሳይ አለ።

ትልቁ ትርፍ ከዚህ የመጨረሻው ነው። ደንበኛው በየአንቀጹ መካከል ባዶ መስመር ካስገባ ስምንት አንቀጽ ሰባት መስመር አባከነ ማለት ነው። ባዶዎቹን አጥፍተው በስታይሉ የአንቀጹን የመጀመሪያ መስመር 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገቡ። አንዲት ቃል ሳይቆርጡ ሰባት መስመር አገኙ።

የመስመር ርቀቱ አውቶ ከሆነም ይለውጡት። አውቶ የፊደሉን 120 በመቶ ነው፤ ለ10 ፖይንት 12 ይሆናል። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሌለው፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል የሚቆመው የእኛ ጽሑፍ ለዚያ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ከዎርድ የመጣ አንድ ባዶ ቦታ እንኳ በ12 መጠን ከቀረ ያ መስመር ብቻውን ሰፍቶ ይታያል። ቁጥሩን በስታይሉ ውስጥ 14 ብለው ይጻፉት። ሲገለብጡ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን ቢጠቀሙ የዎርዱ ቅርጽ አብሮ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነው። የምንሠራው በፐብሊሸር ነው። ሳጥን ውስጥ ጽሑፍ ስናስገባ ራሱ እያሳነሰ ያስገባልናል። ጥሩ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ለአንድ ማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ ለመጽሔት አይሆንም። ቴክስት ፊት ከሚለው ትእዛዝ ውስጥ ሽሪንክ ቴክስት ኦን ኦቨርፍሎው ተመርጦ ስለሚሆን እያንዳንዱ ሳጥን በየራሱ መጠን ይቆማል፤ አንዱ ገጽ 10፣ ቀጣዩ 8.3፣ ሌላው 9.1 ሆኖ ይወጣል። ዱ ኖት አውቶፊት የሚለውን ምረጡና ጽሑፉ ሲተርፍ በግልጽ ይታያችሁ፤ ከዚያ ከላይ ባልነው መንገድ ቁረጡ። ማይክሮሶፍት ለፐብሊሸር የሚሰጠውን ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2026 እንደሚያቆም አስታውቋል። የቆዩ እትሞቻችሁን ካሁኑ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ሊብረ ኦፊስ ድሮው የተባለው ፕሮግራም የፐብሊሸርን ፋይል ይከፍታል፣ ቅንብሩ ግን ሊዛባ ይችላል። ገንዘብ ሳይከፈልበት ለመጽሔት የሚሆን ስክሪበስ የተባለ ፕሮግራም አለ።

ጥያቄ፦ ርዕስ በአንድ መስመር አልገባ ሲለኝ ፊደሉን ወደ ጎን 80 በመቶ አጠበዋለሁ። አንድ ሰው ስህተት ነው አለኝ። (ከአረርቲ)

መልስ፦ እውነቱን ነው። ወደ ጎን ሲጠብ የቆመው ጭረት ይቀጥናል፣ የተጋደመው ግን ባለበት ይቀራል፤ ፊደሉ የተጨፈለቀ ይመስላል። ከ98 በታች አይውረዱ። ይልቅ ስንት ፊደል እንደሚገባ ቀድመው ይወቁ፤ በ10 ፖይንት 82.5 ሚሊ ሜትር 38 ከያዘ፣ በ30 ፖይንት 170 ሚሊ ሜትር 26 ይይዛል። «የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ጤፍ አምራች ገበሬዎች ሥራና ኑሮ ሲቃኝ» 39 ነው። «የምንጃር ጤፍና አምራቾቹ» 15። ርዕሱ ሁለት መስመር ከሆነ ደግሞ በሐሳቡ ይክፈሉት፤ «ደብረ» ላይኛው፣ «ብርሃን» ታችኛው መስመር ላይ መዋል የለበትም።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ አልገባ ካለ አንድ ገጽ ለምን አንጨምርም? (ከእነዋሪ)

መልስ፦ መሀሉ ላይ በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በአራት የሚካፈል መሆን አለበት። 16 ገጽ ከሞላ ቀጣዩ 20 እንጂ 17 አይደለም፤ ሦስቱን በምን ይሞላሉ? ሌላ ገጽ ላይ ትርፍ ቦታ ካለ ግን ማዞር ይቻላል። ቀይዋን ምልክት ይጫኑ፤ ጠቋሚው ጽሑፍ ይጭናል፤ ባዶው ቦታ ሄደው ሳጥን ይሳሉ፤ ጽሑፉ ይቀጥላል። «ወደ ገጽ 14 ይዞራል» የሚለውን በእጅ ከጻፉ ገጽ ሲቀያየር ይሳሳታል። ቁጥሩን ከታይፕ ሜኑ በኢንሰርት ስፔሻል ካራክተር ውስጥ ባለው ኔክስት ፔጅ ነምበር ያስገቡት። ይህ የሚሠራው መስመሩ ያለበት ትንሽ ሳጥን የጽሑፉን ሳጥን ሲነካ ብቻ ነው፤ ካልነካ የራሱን ገጽ ቁጥር ያሳያል።

ጥያቄ፦ የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው። ስለ አንኮበር የጻፍነው አንሶ ሩብ ገጽ ባዶ ቀረ።

መልስ፦ የመስመሩን ርቀት አይለጥጡ፤ ከጎኑ ካለው ገጽ ጋር ሲታይ ያስታውቃል። ፎቶውን ያሳድጉ፣ ከጽሑፉ አንድ ጠንካራ ዓረፍተ ነገር አውጥተው በ16 ፖይንት ያስቀምጡ፣ ወይም ለተጓዥ የሚጠቅም ትንሽ ሣጥን ይሥሩ፦ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ መኪና ከየት እንደሚነሣ፣ ቅዝቃዜው ምን ልብስ እንደሚፈልግ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተራችን ላይ ሁሉም ገብቶ ነበር። ታትሞ ሲመጣ የሁለት ጽሑፎች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የለም። ጥፋቱ የማን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የላካችሁት የኢንዲዛይን ፋይሉን ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ፎንታችሁ ሳይኖረው አይቀርም። ፕሮግራሙ በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ አዲሱ ጥቂት ከሰፋ ጽሑፉ ይገፋና የመጨረሻዎቹ መስመሮች ከሳጥኑ ይወጣሉ። ዳር እስከ ዳር የሞላ ሳጥን ለዚህ በጣም ተጋላጭ ነው።

ስለዚህ የሚላከው ፒዲኤፍ ይሁን። ከመላኩ በፊት በመስኮቱ ግርጌ በስተግራ ያለችውን ክብ ተመልከቱ። አረንጓዴ ከሆነች ደህና፤ ቀይ ከሆነች ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጓት፤ የተረፈ ጽሑፍ፣ የጠፋ ፎንት ወይም የጠፋ ፎቶ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ትዘረዝራለች፤ የገጽ ቁጥሩን ስትጫኑም ወደ ቦታው ትወስዳችኋለች። ፒዲኤፉ ከወጣ በኋላ በአክሮባት ሪደር ከፍታችሁ ኮንትሮልና ዲን ተጫኑና ፎንትስ የሚለውን እዩ። ከየፎንቱ ስም አጠገብ ኢምቤድድ ወይም ኢምቤድድ ሰብሴት መባል አለበት፤ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ገብቷል ማለት ነው። ማተሚያ ቤቱ የግድ ዋናውን ፋይል ከፈለገ ከፋይል ሜኑ ፓኬጅ በሚለው ትእዛዝ ፎንቶቹንና ፎቶዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስባችሁ ስጡ፤ ፒዲኤፉንም ለማመሳከሪያ እዚያው ፎልደር ውስጥ ጨምሩበት።